መረጃ መያዝም ሙያ ነው

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላል የሀገራችን ሰው። አባባሉ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የውልና የኑዛዜ ነገር ሲነሣ ነው። እኔ ግን ዛሬ ከእናንተ ከእናቶችና ከሠራተኛ እህቶቼ ጋር ለመወያየት የፈለግሁት ስለ ሌላ ዓይነት ጽሑፍ ነው። ይኸውም በየጤና ጣቢያው፣ በየቤተ ሙከራው፣ በየትምህርት ቤቱና በየደጃፋችን ስለ እኛና ስለ ልጆቻችን እየተጠየቀ የሚመዘገበው፣ የምርምር ሰዎች «ዳታ» የሚሉት መረጃ ነው።

ይህን መረጃ በሥርዓት መዝግቦ መያዝ፣ ሌላ ሰው አንብቦ ሊረዳው በሚችል መልክ ማስቀመጥና በተገቢው መንገድ ለሌሎች ማካፈል በዛሬው ጊዜ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። «የምርምር መረጃ አያያዝ» ይባላል። ትምህርቱም አለ፤ ብዙው ደግሞ ገንዘብ አይጠየቅበትም። ነገር ግን መረጃውን በእጃቸው የሚሰበስቡት፣ የሚጽፉትና ወደ ኮምፒዩተር የሚያስገቡት ሴቶች ትምህርቱን ለማግኘት የመጨረሻዎቹ ሲሆኑ ስላየሁ፣ ነገሩን በዚህ አምድ ላነሣው ወደድሁ።

«እኔ ተመራማሪ አይደለሁ፣ ምን አገባኝ?» የምትል እህት አትጠፋም። እስቲ ቆም ብለን እናስብ። ነፍሰ ጡር ሆነን ለክትትል ስንሄድ ክብደታችን ይመዘናል፣ የደም ግፊታችን ይለካል፣ ውጤቱም ይጻፋል። ልጃችንን ለክትባት ስንወስድ ነርሷ የተወለደበትን ቀን ትጠይቃለች፤ ክንዱንም በመለኪያ ጥብጣብ ትለካለች። አንዳንድ ጊዜም መጠይቅ የያዘች ወጣት በራችንን አንኳኩታ፣ «ስንት ልጆች ወለዱ? ስንቱ በሕይወት አሉ?» ብላ ትጠይቀናለች። ልጅ ለቀበረች እናት ይህን ጥያቄ መመለስ ቀላል አይደለም። ሆኖም ለሌላው ይጠቅማል ብላ ቁስሏን ነካክታ ትመልሳለች። ታዲያ ያ ሁሉ መልስ ከዚያ በኋላ ወዴት ይሄዳል? ይህን መጠየቅ የእናት መብት ነው።

መልሱ በደንብ ሲያዝ ምን ያህል እንደሚጠቅም አንድ ምሳሌ ላቅርብ። እ.ኤ.አ. በ2000 ዓ.ም. የያኔው የማዕከላዊ ስታትስቲክስ ባለሥልጣን ባካሄደው የመጀመሪያው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆነ 15,367 ሴቶች ተጠይቀዋል። ጥናቱ በ2005፣ በ2011 እና በ2016 ተደግሟል። በእነዚህ ጥናቶች መሠረት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት መካከል ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ያልደረሰ በ2000 ከመቶ 58 ነበሩ፤ በ2016 ከመቶ 38 ሆነዋል። አምስተኛ ዓመታቸውን ሳይደፍኑ የሚሞቱት ከሺህ 166 የነበሩት ወደ 67 ወርደዋል። በጤና ተቋም የሚወለዱት ደግሞ ከመቶ 5 ተነሥተው በ2016 ከመቶ 26፣ በ2019 በተደረገው አነስተኛ ጥናት ከመቶ 48 ደርሰዋል።

እነዚህን ቁጥሮች እንዲሁ በግምት ያገኘናቸው አይደሉም። እያንዳንዷ እናት የሰጠችው መልስ አንድ ዓይነት መለያ ተሰጥቶት፣ ስሟ እንዳይታወቅ ተደርጎ፣ ከመጠይቁና ከመፍቻው ጋር ስለተቀመጠ ነው። ጥናቱን ያላካሄዱ ተመራማሪዎችም ጠይቀው እያገኙት፣ አንዱ ስለ ጡት ማጥባት፣ ሌላው ስለ ወሊድ፣ ሌላው ስለ ደም ማነስ አጥንቶበታል። የሀገራችን አያሌ ወጣቶችም የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ሠርተውበታል። አንድ ጊዜ የተለቀመ እህል ለብዙ ማዕድ ሲደርስ ማለት ይህ ነው።

አሁን ደግሞ የዚህን ተቃራኒ ልንገራችሁ። ስለ ሕፃናት አመጋገብ ለመጻፍ ተነሥቼ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር፤ ስሙ እዚህ አያስፈልግም። መሥሪያ ቤቱ ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ወረዳ ያደረገውን ጥናት ውጤት ለማየት ጠየቅሁ። በአርባዎቹ ዕድሜ የምትገኝ አንዲት መረጃ ሰብሳቢ ወደ አንድ ክፍል አስገባችኝ። መጠይቆቹ በካርቶንና በጆንያ ተከምረው እስከ መስኮቱ ደርሰዋል። አንዱን ካርቶን ከፍታ አገላበጠችና የራሷን የእጅ ጽሑፍ አገኘች። «ይኼን ሰፈር የጨረስኩት እኔ ነኝ፤ ዝናብ ነበር፣ ጭቃው እስከ ጉልበቴ» አለችኝ።

ወደ ኮምፒዩተር የገባውን ስጠይቅ፣ ዋናው ተመራማሪ ለትምህርት ወደ ውጭ ሲሄድ ላፕቶፑን ይዞት እንደሄደና የቀረው አንድ ፋይል ብቻ እንደሆነ ተነገረኝ። ፋይሉ ተከፈተ። በየዓምዱ አናት ላይ «ጥ7»፣ «ጥ7ለ»፣ «ኤክስ2» የሚሉ ምልክቶች አሉ። ከሥራቸው 1፣ 2፣ 9፣ 99 የሚሉ ቁጥሮች ተደርድረዋል። በአንዱ ዓምድ ውስጥ 99 ማለት «አላውቅም» ይሁን፣ «መልስ የለም» ይሁን፣ ወይስ ልጁ ቁመቱ 99 ሴንቲ ሜትር ይሁን የሚያውቅ ኃላፊ አልነበረም።

ያወቀችው እሷ ብቻ ነበረች። «99 የምንጽፈው እናቲቱ ቤት ሳትገኝ ነው፤ ለቁመት ሲሆን ግን 999 ነበር የምንለው» አለች፣ እንደ ዋዛ። መፍቻው በዚያች ሴት ጭንቅላት ውስጥ እንዳለ የጠየቃት አልነበረም። እሷ ጡረታ ስትወጣ መፍቻው አብሯት ይወጣ ነበር። ስለ ሥልጠና ስጠይቃት፣ «ሥልጠና ሲመጣ የሚሄዱት ኃላፊዎቹ ናቸው፤ እኛ እኮ ቅጽ ሞይዎች ነን» ብላ ሣቀች። እኔ ግን አልሣቅሁም።

ይህ በእኛ ሀገር ብቻ የሚደርስ ነገር አይደለም። በካናዳ የሚገኙ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ጥናት፣ ከታተሙ ከ2 እስከ 22 ዓመት የሆናቸውን 516 ሳይንሳዊ ጽሑፎች መርጠው ጽሑፎቹ የተመሠረቱበት መረጃ የት እንዳለ ደራሲዎቹን ጠየቁ። መረጃው የመገኘቱ ዕድል በእያንዳንዱ ዓመት 17 በመቶ ያህል እየቀነሰ መሄዱን አረጋገጡ። ምክንያቶቹም የምናውቃቸው ዓይነት ናቸው፤ የደራሲው አድራሻ ተለውጧል፣ መረጃው የተያዘበት ዲስክ በዛሬ ማሽን አይከፈትም። ሀብታሙም ሀገር ሆነ ድሃው፣ ጠባቂ ያልተመደበለት መረጃ ይጠፋል። ልዩነቱ ድሃው ሀገር መልሶ ለመሰብሰብ ገንዘቡ የሌለው መሆኑ ነው።

እንግዲህ ለዚህ ችግር መፍትሔ እንዲሆን የተነሣው አስተሳሰብ «ክፍት ሳይንስ» ይባላል። የሳይንስ ጽሑፍ፣ መረጃና መሣሪያ ለጥቂቶች ብቻ ተቆልፎ እንዳይቀር፣ የሚፈልገው ሁሉ እንዲያገኘው፣ እንዲመረምረውና እንዲጠቀምበት ማድረግ ነው። ዩኔስኮ ስለ ክፍት ሳይንስ ያዘጋጀውን የውሳኔ ሐሳብ እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 2021 አባል ሀገሮቹ ተቀብለውታል። በሀገራችንም የያኔው የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ብሔራዊ ፖሊሲ፣ በሕዝብ ገንዘብ በዩኒቨርሲቲዎች የሚሠራ የምርምር ጽሑፍ በብሔራዊው የዲጂታል ማከማቻ እንዲገባና ለሁሉም ክፍት እንዲሆን ተወስኗል። ሕዝብ የከፈለበትን ሕዝብ ያንብበው ማለት ነው።

በዚያ መሥሪያ ቤት ካየሁት በኋላ ትምህርቱን ራሴ ለማየት ቆረጥሁ። ልጆቼ ከተኙ በኋላ፣ መብራት ሲኖር በኮምፒዩተር፣ ሲጠፋ በስልኬ፣ ማታ ማታ አንድ ሰዓት እየተቀመጥሁ ጀመርሁ። በመጀመሪያ የያዝኩት የስኮትላንዱ ኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ለማንም ያለ ክፍያ ያቀረበውን «ማንትራ» የተባለውን የመረጃ አያያዝ ትምህርት ነው። ቀጥሎ «ዘ ካርፔንትሪስ» የተባለው የበጎ ፈቃድ አስተማሪዎች ማኅበር ያዘጋጃቸውን ትምህርቶች አገኘሁ። ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ2018 የሁለት ቀደምት ድርጅቶች ውሕደት ሆኖ የተቋቋመ ነው። ከትምህርቶቹ አንዱ መረጃን በኤክሴል ሠንጠረዥ እንዴት እንደሚያደራጁ ከፊደል ጀምሮ ያስተምራል። ፕሮግራም መጻፍ ማወቅ አይጠይቅም።

የተማርሁትን ለቤት እመቤትም ለቢሮ ሠራተኛም በሚገባ አነጋገር ላካፍላችሁ።

አንደኛው ነገር ስያሜ ነው። በጓዳችን ኮረሪማውን፣ ጥቁር አዝሙዱንና ነጭ አዝሙዱን ፈጭተን በየዕቃው ስናስቀምጥ፣ በላዩ ካልጻፍንበት እኛ ለይተን ብናውቀውም ልጃችን ወይም ሠራተኛችን አታውቀውም። መረጃም እንዲሁ ነው። ማን ሰበሰበው? መቼ? የት? በምን መለኪያ? 1 ማለት ምንድን ነው? 99 ማለትስ? ይህ ሁሉ ከፋይሉ ጋር በአንድ ገጽ ተጽፎ ይቀመጣል። ባለሙያዎቹ «ስለ መረጃው የሚናገር መረጃ» ይሉታል።

ሁለተኛው የሠንጠረዡ ሥርዓት ነው። እያንዳንዱ ዓምድ አንድ ነገር ብቻ ይይዛል፤ እያንዳንዱ ረድፍ አንድ ልጅ ወይም አንዲት እናት ብቻ ይሆናል። «ትኩሳትና ተቅማጥ» ብሎ በአንድ ሣጥን ማጨቅ አይገባም፤ ለትኩሳት አንድ ዓምድ፣ ለተቅማጥ ሌላ ዓምድ። ቀይ ቀለም የተቀባ ረድፍ ለቀቢው እንጂ ለኮምፒዩተሩ ትርጉም የለውም። ከሁሉም በላይ መጀመሪያ የገባው መረጃ እንዳለ ይቀመጣል እንጂ በላዩ ላይ አይታረምበትም። እርማቱ በቅጂው ላይ ይሠራል።

ሦስተኛው ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ልዩ ትኩረት የሚያስፈልገው የዘመን አቆጣጠር ጉዳይ ነው። ኤክሴል ጳጉሜን አያውቅም። «2010» ተብሎ የተጻፈ የልደት ዓመት የእኛ ይሁን የፈረንጆች ካልተገለጸ፣ የልጁ ዕድሜ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ይዛባል። ዕድሜው የተዛባ ልጅ ደግሞ ቁመቱ በትክክል ቢለካም፣ ያልቀጨጨው የቀጨጨ፣ የቀጨጨው ደኅና ሆኖ ይቆጠራል። በላይ በጠቀስሁት የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መረጃ ውስጥ ቀኖቹ የተመዘገቡት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። ስለሆነም ወደ ፈረንጆቹ ለመለወጥ በወራት በተሰላው ቀን ላይ 92 ወር መጨመር እንደሚያስፈልግ ለተጠቃሚዎች በጽሑፍ ተገልጿል። ያች አንዲት ማስታወሻ ባትኖር ኖሮ ስንቱ ተመራማሪ በተሳሳተ ዕድሜ ሲሠራ ይውል ነበር! መፍትሔው ቀላል ነው፤ ቀን፣ ወርና ዓመት በሦስት የተለያዩ ዓምዶች ይጻፉ፣ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነም ይገለጽ።

አራተኛው ቅጂ ነው። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከሌላ ቦታ። የልደት ምስክር ወረቀታችንንና የቤታችንን ካርታ ቅጂ ዘመድ ቤት እንደምናስቀምጠው ማለት ነው። ለምርምር መረጃ ደግሞ የዓለም ማከማቻዎች አሉ። ለምሳሌ ያህል በጄኔቫ የሚገኘው የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2013 የከፈተው «ዜኖዶ» ከየትኛውም ሀገር ለሚመጣ ተመራማሪ መረጃውን ያለ ክፍያ ይቀበላል፤ የማይለወጥ መለያ ቁጥርም ይሰጠዋል። ስሙን ያገኘው በጥንቱ የእስክንድርያ ቤተ መጻሕፍት የመጀመሪያ ኃላፊ ከነበረው ከዜኖዶቶስ ነው።

አንድ ማከማቻ ብቻ ማመን እንደማይበቃም በቅርቡ ታይቷል። የብዙ ሀገሮችን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መረጃ አሰባስቦ የሚያድለው ፕሮግራም የሚተዳደረው በአሜሪካ የዕርዳታ ድርጅት በጀት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ላይ በጀቱ ሲቋረጥ ለአዲስ ጠያቂዎች መረጃ መስጠቱ ቆሞ ነበር። በዚያው ዓመት ከሌላ ወገን ጊዜያዊ ድጋፍ ቢገኝለትም ትምህርቱ ግልጽ ነው። የእናቶቻችን መልስ ሩቅ ባለ አንድ ግምጃ ቤት ብቻ ሳይሆን በሀገራችንም፣ በሠለጠኑ የሀገራችን እጆች መጠበቅ አለበት።

አምስተኛው ምሥጢር መጠበቅ ነው። ክፍት ሳይንስ ማለት የሰው ገመና ይገለጥ ማለት አይደለም። «የተቻለውን ያህል ክፍት፣ የግድ የሆነውን ያህል ዝግ» የሚል አባባል በሙያው ዘንድ አለ። ስም፣ ስልክ ቁጥርና የቤት ቁጥር ከመልሱ ተለይተው ይቆለፋሉ። ትንሽ ቀበሌ ውስጥ መንታ የወለደች አንዲት ሴት ብቻ ካለች ስሟ ባይጻፍም ትታወቃለችና ይህም ይታሰብበታል። በሀገራችን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። መጠይቅ የያዘች ሴት ቤታችሁ ስትመጣ፣ «መልሴን ማን ያየዋል? የት ይቀመጣል?» ብላችሁ ብትጠይቁ መብታችሁ ነው። የተማረች መረጃ ሰብሳቢ ደግሞ ለዚህ ጥያቄ መልስ አላት።

ነገሩ ከገመናም አልፎ የሀገር ጥቅም ነው። ስለ ጤፍ የሆነውን ታስታውሱ ይሆናል። አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ የጤፍ ዱቄትን በሚመለከት የፈጠራ ባለቤትነት መብት ጠይቆ እ.ኤ.አ. በ2007 አግኝቶ ነበር። የሄግ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ መብቱ የፈጠራ ብቃት የለውም ሲል በኔዘርላንድ ውድቅ እስኪያደርገው ድረስ ከአሥር ዓመት በላይ አለፈ። ስለ ጤፍ እናቶቻችን ለብዙ ዘመን ያወቁት፣ ተመራማሪዎቻችንም የደረሱበት ሁሉ ቀን ተጽፎበት፣ መለያ ተሰጥቶት በክፍት ቦታ ሲቀመጥ «ይህ ቀድሞ የታወቀ ነው» ብሎ ለመከራከር ማስረጃ ይሆናል። በምን ፈቃድ እንደሚሰጥ መወሰንም የሙያው አካል ነው። ማካፈልና መዘረፍ የተለያዩ ናቸው።

ሌላም የሚታወስ ታሪክ አለ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ ስለ ቢልሃርዚያ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ውኃ ውስጥ በሽታውን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ከእነዚያ አጣቢ እናቶች ልማድ ተነሥቶ አንድ ታላቅ ምርምር ተጀመረ። ዶክተር አክሊሉና ባልደረባቸው ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል። ዳሩ ግን በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ዋናው መሰናክል በአፍሪካ ቤተ ሙከራ የተገኘ ውጤት በውጭ ያሉ ድርጅቶች ዘንድ አመኔታ ማጣቱ ነበር። በዚያ ውስጥ ንቀት አልነበረም አልልም። ንቀትን የምንመልስበት አንዱ መንገድ ግን ማንም ገልጦ ሊመረምረው የሚችል፣ አሠራሩ የተጻፈ መረጃ ይዞ መቅረብ ነው።

ወደ ትምህርቱ ልመለስ። ከያዝኩት በኋላ ያችን መረጃ ሰብሳቢ ፈለግኋት። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ «እትዬ» ነው የምላት። «እኔና አንቺ አብረን እንማረው?» ስላት፣ «እንግሊዝኛው ይከብደኛል፤ ደግሞስ በዚህ ዕድሜዬ?» አለችኝ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤቷ እየሄድሁ፣ ትምህርቱን ወረቀት ላይ አትሜ፣ ቡናው እስኪፈላ ድረስ አንድ አንድ ክፍል በአማርኛ እየተረጐምን ቀጠልን። የካርፔንትሪስ ትምህርቶች የአዘጋጁን ስም ጠቅሶ ማንም ሰው ሊተረጉማቸውና ሊያባዛቸው ይችላል፤ ፈቃዱ በላያቸው ተጽፏል። በስድስተኛው ቅዳሜ አንድ ደብተር አውጥታ አሳየችኝ። የዚያን ጥናት መፍቻ፣ ጥያቄ በጥያቄ፣ ቁጥር በቁጥር፣ ከትዝታዋና ከካርቶኖቹ አውጥታ 14 ገጽ ጽፋዋለች። «ጥ7ለ» ማለት ልጁ ከጡት ሌላ ምግብ የጀመረበት ወር ነበር። ደብተሩን ለኃላፊዋ ወሰደችው፤ ተተይቦም ከፋይሉ ጋር ተቀመጠ። ሁሉም አልተገኘም። ሁለት ዓምዶች እስከ ዛሬ ምን እንደሆኑ አልታወቀም። የቀረው ግን ዳግመኛ የሚነበብ ሆኗል።

ይህን የማወራችሁ የአንዲትን ሴት ጉብዝና ለማድነቅ ብቻ አይደለም። ያ 14 ገጽ ሥራው ሲጀመር ቢጻፍ ኖሮ የአንድ ቀን ሥራ ነበር። ትምህርቱ ለኃላፊ ብቻ ሳይሆን መጠይቁን ለምትሞላው፣ ናሙናውን ለምትለጥፈው የቤተ ሙከራ ቴክኒሽያን፣ መዝገቡን ለምትይዘው ነርስ፣ ጽሑፉን ለምታስቀምጠው የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ቢደርስ ኖሮ በዚያ ክፍል የተከመረው ሁሉ ዛሬ ጥቅም ላይ በዋለ ነበር።

እንግዲህ መማር ለምትፈልጉ እህቶች መንገዱን በአጭሩ ላመልክታችሁ። ኮምፒዩተር ላይ ኤክሴል መክፈት የምታውቅ ሴት ከካርፔንትሪስ የሠንጠረዥ ትምህርት ትጀምር። የመረጃን ጉዞ ከዕቅድ እስከ ማከማቻ ማወቅ የምትፈልግ ማንትራን ትከታተል። ስለ ክፍት ሳይንስ በአጠቃላይ ማወቅ ለምትፈልግ ደግሞ የአሜሪካው የጠፈር ምርምር ድርጅት ናሳ እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ በአምስት ክፍል ያወጣው መግቢያ ትምህርት አለ። ክፍሎቹም ስለ ክፍት ሳይንስ ምንነት፣ ስለ መሣሪያዎች፣ ስለ መረጃ፣ ስለ ኮምፒዩተር ፕሮግራምና ስለ ውጤት ናቸው። ዩኒቨርሲቲ አጠገብ የምትኖሩ ወይም የምትሠሩ የቤተ መጻሕፍቱን ባለሙያዎች ጠይቁ። የማከማቻውን ሥራ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ምርምር የምትጀምር ተማሪ ልጅ ያለቻችሁም መጠይቅ ከማባዛቷ በፊት አምስት ነገር በወረቀት እንድትጽፍ ንገሯት፤ ምን ትሰበስባለች? በምን መልክ? የት ታስቀምጠዋለች? ማን ያየዋል? ሥራው ሲያልቅ ማን ይረከበዋል?

ብቻችሁን አትማሩ። በመሥሪያ ቤታችሁ ሦስት አራት ሆናችሁ፣ የምሳ ሰዓት ላይ አንድ ክፍል እያነበባችሁ ብትወያዩ የኢንተርኔቱንም ወጪ ትካፈላላችሁ፣ የእንግሊዝኛውንም ሸክም ትረዳዳላችሁ። እንደ ዕቁብ ተራ አውጥታችሁ ሳምንት አንዷ፣ ሳምንት ሌላዋ አዘጋጅታ ብትመጣ ደግሞ ማንም ወደ ኋላ አይቀርም።

ለመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችም አንድ ቃል አለኝ። የሥልጠና ደብዳቤ ጠረጴዛችሁ ላይ ሲደርስ፣ መረጃውን በእጇ የያዘችው ሠራተኛ ማን እንደሆነች አስቡ። እሷን ላኳት። በጥናቱ ውጤት ላይም ስሟ ይጠቀስ። ለባሎችም እንዲሁ። ሚስታችሁ ማታ አንድ ሰዓት ለትምህርት ስትቀመጥ ራቱን የሚያቀርብ፣ ልጆቹን የሚያስተኛ ሰው ያስፈልጋታል። ያ ሰው እናንተ ናችሁ።

እናቶችና እህቶች፣ በሚቀጥለው ጊዜ ስለ ልጃችሁ ዕድሜ ስትጠየቁ ቀኑን ከነወሩ፣ ከነአቆጣጠሩ አስተካክላችሁ ንገሩ። የምትጽፉት እናንተ ከሆናችሁም የጻፋችሁት ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ከሥሩ ጻፉ። ነገ የሚያነበው እናንተን የማያውቅ ሰው ነው፤ ምናልባትም ገና ያልተወለደ።